ከኪቱ በፊት ቀፎውን ክፈቱ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ደወለልኝ። ልጆች ሆነን የምንጣላበትን ጌም ቦይ አድቫንስ፣ በእጅ የሚያዘውን የኔንቲዶ የጨዋታ ማሽን፣ አቧራ ከለበሰ ካርቶን ውስጥ አግኝቶታል። ድንጋይ አስገብቶ ሲያበራው ሠራለት። ገና ሰላም ሳንባባል "እትዬ፣ የትኛውን የስክሪን ኪት ልግዛ?" አለኝ።

"መጀመሪያ ክፈተው። ከዚያ የውስጡን ፎቶ ላክልኝ" አልኩት።

ቅር አለው። የጠበቀው የኪት፣ ማለትም ራሱ ገጥሞ ስክሪኑን የሚቀይርበት ዕቃ፣ ስም ነበር። እኔ ግን ከልቤ ነው ያልኩት። ላለፉት 6 ዓመታት አሮጌ የጨዋታ ማሽኖችን (ኮንሶሎችን) ስከፍት፣ ሳጸዳና ሳሻሽል ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገንዘቤ የባከነው በአንድ ምክንያት ነው። ማሽኑን ሳላየው ኪቱን እመርጥ ነበር።

የመጀመሪያዬን ልንገራችሁ። ጌም ቦይ አድቫንስ በ2001 ሲወጣ ስክሪኑ የራሱ መብራት አልነበረውም። ከውጭ የሚያርፍበትን ብርሃን መልሶ እያንጸባረቀ ነው የሚያሳየው። ማታ ማታ እኔና ወንድሜ አምፖል ስር ተጠግተን፣ ማሽኑን ወዲህና ወዲያ እያጋደልን እንጫወት ነበር። ጨዋታው ዋሻ ውስጥ ከገባማ አለቀ፤ ምንም አይታይም። ስለዚህ ካደግኩ በኋላ ብርሃን ያለው፣ አይፒኤስ የሚባል አዲስ ዓይነት ስክሪን በኪት እንደሚሸጥ ሳይ ልቤ ዘለለ። ፎቶውን አይቼ ወዲያው አዘዝኩ።

ኪቱ ሲደርስ ከስክሪኑ ጋር የመጣው ፍላት ኬብል (ጠፍጣፋ ገመድ) ባለ 32 ፒን፣ ማለትም ባለ 32 ንክኪ፣ ነበር። የእኔ ቦርድ ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ ባለ 40። ይህ ማሽን በሁለቱም ዓይነት እንደተሠራ ያኔ አላውቅም ነበር። ብዙ ኪቶች ሁለቱንም ኬብል ይዘው ይመጣሉ። የእኔ ሻጭ ግን አንዱን ብቻ ነው የላከው፤ ገጹ ላይም ስለ ፒን ቁጥር አንድ ቃል አልነበረም። ሌላ ኬብል እስኪመጣ ድረስ ጌም ቦዬ ተበታትኖ ጠረጴዛዬ ላይ ሰነበተ። ቀፎውን አስቀድሜ ከፍቼ አንድ ጊዜ ባየው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለመክፈት ካነሳን አይቀር፣ የብዙዎቹ የድሮ የኔንቲዶ ተንቀሳቃሽ ማሽኖች የውጭ ብሎን ባለ ሦስት ክንፍ ነው። ተራ ካቻቢቴ በግድ ከገባበት ጭንቅላቱ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ መከራ ነው። ጌም ቦይ አድቫንስ ላይ ስድስቱ ባለ ሦስት ክንፍ ናቸው። አንዱ ግን፣ ድንጋይ ማስገቢያው ውስጥ ያለው፣ መስቀለኛ ነው። እሱን ረስቶ ቀፎውን በጉልበት የሚገነጥል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ እንደሱ እንዳትሆኑ። ብሎኖቹንም ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጡ በሚያሳይ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ አስቀምጧቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል።

ከከፈታችሁ በኋላ የምትፈልጉት ነገር ብዙ አይደለም። የቦርዱ ላይ ቁጥር፣ የሶኬቱ ፒን ብዛት፣ ድንጋይ ፈስሶ የበላው አረንጓዴ ወይም ነጭ ቦታ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው የነካካው ብየዳ። ሁሉንም በደንብ በሚያሳይ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ያ ፎቶ ከማንኛውም የሻጭ ማስታወቂያ ይልቅ የትኛው ኪት እንደሚሆናችሁ ይነግራችኋል።

አንድ ማሽን ሲታመም በሽታውን ሳያውቁ ክፍሉን መቀየር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያስተማረኝ የሴጋ ኮንሶል የሆነው ድሪምካስት ነው። ጨዋታ መሃል በድንገት ወደ መነሻው ገጽ ይመለስብኝ ነበር። ዲስክ የሚያነበው ሌንስ አርጅቷል ብዬ ደመደምኩ። የዲስክ ማንበቢያውን አውጥቶ በኤስዲ ካርድ የሚተካ ኪት ገዛሁ። በጥንቃቄ ገጠምኩት። ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። 20 ደቂቃ ሳይሞላ ያው ችግር መጣ።

ሌንሱ ምንም አልሆነም ነበር። ችግሩ ከኃይል ሰሌዳው ወደ ዋናው ቦርድ የሚገቡት ፒኖች ላይ ነው። ድሪምካስት ላይ እነዚህ ፒኖች በጊዜ ብዛት ይቆሽሻሉ፣ ንክኪያቸውም ይላላል። ኃይሉ ለቅጽበት ሲቆራረጥ ማሽኑ ራሱን እንደገና ያስነሳል። ገመዱን ከነቀልኩ በኋላ የኃይል ሰሌዳውን አነሳሁ። ፒኖቹን በአልኮል ጠረግኳቸው፤ ንክኪያቸው ጠበቅ እንዲል በጥቂቱ አጠፍኳቸው። መልሼ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልተመለሰብኝም። ያ ሁሉ ወጪ በአንድ ጠርሙስ አልኮልና በጥጥ የሚድን ነበር።

ኪቱን ግን አልጠላሁትም። ዲስኮች ይጫራሉ፣ ሌንሶችም አንድ ቀን ይደክማሉ። የድሪምካስት ዲስክ ጂዲ ሮም የሚባል፣ 1 ጊጋባይት ገደማ የሚይዝ የራሱ ዓይነት ነው። ማንበቢያው ሲሞት ምትክ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከሌላ ድሪምካስት ተፈቶ ነው። ስለዚህ ካርድ የሚያነብ ምትክ መኖሩ ለእነዚህ ማሽኖች ዕድሜ ነው። የእኔንም አሁን ገጥሜዋለሁ፤ የራሴን ዲስኮች ቅጂ ነው የምጫወትበት። ኦሪጅናሉን ማንበቢያ በጨርቅ ጠቅልዬ ስሙን ጽፌበት አስቀምጬዋለሁ።

እዚህም ላይ ግን ቦርዱን ማወቅ ግድ ነው። ድሪምካስት ቪኤ0፣ ቪኤ1 እና ቪኤ2 የሚባሉ የቦርድ ዓይነቶች አሉት። ማሽኑን ገልብጣችሁ ከስር ያለውን ስቲከር እዩ፤ ክብ ውስጥ የተጻፈች፣ የቦርዱን ዓይነት የምትናገር አንዲት ቁጥር አለች። ከእነዚህ ካርድ የሚያነቡ ምትኮች ከሁሉ የታወቀው ጂዲኢሙ የሚሠራው ቪኤ1 ላይ ነው። ደግነቱ በብዛት ያለውም እሱ ነው። ቪኤ0 ወይም ቪኤ2 ከሆነ የያዛችሁት፣ ለዚያ ቦርድ እሠራለሁ ብሎ በግልጽ የጻፈ ኪት ፈልጉ።

ሴጋ ሳተርንም እንዲሁ ነው። የዲስክ ማንበቢያው ኬብል ባለ 20 ፒንና ባለ 21 ፒን አለው። ሪያ የተባለው ኪት ለባለ 20፣ ፊቢ የተባለው ለባለ 21 ነው። ይህን ሁሉ መለየት ለማይፈልግ ሰው ሳቲያተር የሚባል አለ፤ እሱ ማሽኑን ሳትከፍቱ ከጀርባ ባለው የቪዲዮ ሲዲ ካርድ ማስገቢያ ይሰካል። የዲስክ ማንበቢያው ቦታው ላይ ይቀራል። እኔ እንዲህ ዓይነት መፍትሔ በጣም ነው የምወደው። ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ኤክስስቴሽን የሚባል ተመሳሳይ ኪት አለ፤ የሚገጥመው ግን ቁጥራቸው ከ5500ዎቹ ያላለፈ ቀደምት ሞዴሎች ላይ ነው። 7000 እና 9000 ተከታታዮች ላይ አይሆንም።

ወደ ስክሪን ልመለስ፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለሱ ነው። ልቤም ያለው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው ስክሪን ሲመርጥ መጠንና ድምቀት ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው ቁጥሩን ነው። ጌም ቦይ አድቫንስ 240 በ160 ፒክስል (ነጥብ) ያወጣል። አዲሱ ስክሪን 720 በ480 ቦታ ላይ ካሳየው እያንዳንዱ ነጥብ በትክክል 3 በ3 ይሆናል። ሁሉም ነጥብ እኩል ነው፤ ፊደሉ ጥርት ይላል። ስሌቱ እኩል ካልመጣ ግን አንዱ ነጥብ ሰፊ፣ አጠገቡ ያለው ጠባብ ይሆናል። ሥዕሉ ወደ ጎን ሲሄድ የሚርገበገብ ይመስላል። ጌም ቦይ ከለር 160 በ144 ነው። 320 በ240 የሆነ ስክሪን ቢገጠምለት በስፋት በኩል 2 እጥፍ ልክ ይመጣል፤ በቁመት ግን 288 ያስፈልጋል፣ ያለው 240 ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን ወይ መጭመቅ ወይ ማሳነስ ግድ ይሆናል። 4 እጥፍ ሲሆን 640 በ576 ይሆናል፤ ያ ንጹሕ ነው። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ለመሥራት 1 ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ለመሥራት ሁለት ኪት ፈጅቶብኛል።

ቀጥሎ የማየው የምስሉን ፍጥነት ነው። ጌም ቦይ አድቫንስ በሰከንድ 59.73 ምስል ገደማ ያሳያል። አንዳንድ ስክሪኖች በሰከንድ 60 ይሄዳሉ። ልዩነቱ ከንቱ ይመስላል። ግን በየ4 ሰከንዱ ገደማ ሁለቱ በአንድ ምስል ይተላለፋሉ። ያኔ ሥዕሉ መሃሉ ላይ እንደተቀደደ መስመር ያሳያል፣ ወይም ለቅጽበት ይነጥራል። ቆማችሁ በምታስቡበት ጨዋታ ላይ አታዩትም። ሜዳው ያለማቋረጥ ወደ ጎን በሚሮጥበት ጨዋታ ላይ ግን አንዴ ካያችሁት ዓይናችሁ ከሱ አይነሳም። ስለዚህ ኪት ስመርጥ ሰዎች ገጥመው የቀረጹትን ቪዲዮ እፈልጋለሁ። የማየው ደግሞ የሚሮጥ ጨዋታ ነው። የቆመ ፎቶ ስለዚህ ነገር ምንም አይናገርም።

ቀለምም አለ። የድሮው ስክሪን ጨለማ ስለነበረ ጨዋታ ሠሪዎቹ ቀለሞቻቸውን ሆን ብለው ያደምቁ ነበር። ያንን ቀለም ብርሃን ባለው አይፒኤስ ላይ ስታዩት ቀዩ ያቃጥላል፤ ሣሩ እንደ ኒዮን መብራት ይሆናል። ቀለሙን የሚያለዝብ ማስተካከያ ያላቸው ኪቶች አሉ። እኔ ይህ ማስተካከያ የሌለውን አልገዛም። ወንድሜ ግን ደማቁን ሊወድ ይችላል፤ ያ የሱ ዓይን ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ከጊዜ በኋላ ነው የገባኝ። የድሮ ስክሪኖች ቀርፋፋ ነበሩ። አንድ ምስል ሲጠፋ ጥላው ትንሽ ይቆያል። አንዳንድ ጨዋታዎች በዚህ ተጠቅመዋል። ጥላ ወይም ጭስ ለማሳየት ሥዕሉን በአንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያወጡና በሚቀጥለው ያጠፉታል። በቀርፋፋው ስክሪን ላይ ሁለቱ ተዋህደው ግማሽ ግልጽ ይመስላሉ። በፈጣኑ አዲስ ስክሪን ላይ ግን ብልጭ ድርግም ይላሉ። የሚወዱት ጨዋታ እንዲህ ሆኖ ሲያገኙት ስክሪኑ የተበላሸ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ስክሪኑ ጤነኛ ነው። ፍሬሞችን የሚያዋህድ ምርጫ ያለው ኪት ከሆነ ይስተካከላል።

ለ1989ኙ ጌም ቦይ ደግሞ ስለ አይፒኤስ ከማሰባችሁ በፊት ሌላ መንገድ እንዳለ እወቁ። የራሱን ስክሪን ሳትጥሉ ከጀርባው መብራት ማስገባት ይቻላል። ከስክሪኑ ጀርባ የተለጠፈው አንጸባራቂ ንብርብር ይላጣል። የመብራቱ ሰሌዳ ይገባል። ቢቨርት የምትባል ትንሽ ቺፕ ምልክቱን ትገለብጣለች፤ ፖላራይዘር የሚባለው ስስ ፕላስቲክ ደግሞ በ90 ዲግሪ ይዞራል። ውጤቱ ያው የድሮው አራት ደረጃ ጥላ ነው፣ ግን በጣም የጠቆረና የጠራ። እኔ ይህን ከአይፒኤስ አስበልጣለሁ። ዝግታው፣ በነጥቦቹ መሃል ያለው ፍርግርግ፣ ሁሉም አለ። ከባዱ መላጡ ነው። መስታወቱን ከጫራችሁት ወይም ከሰነጠቃችሁት መመለሻ የለውም። ሙጫውን በትዕግሥት እያለሰለሱ፣ በአንድ ማዕዘን ጀምሮ በቀስታ ነው።

በዚሁ ማሽን ላይ አንዳንድ ቀጥ ያሉ የነጥብ መስመሮች ጠፍተው ካገኛችሁ ስክሪኑ ሞቷል ብላችሁ አትቸኩሉ። ከስክሪኑ ስር ያለው ኬብል ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ላልቶ ነው። መበየጃውን በልክ አሙቆ ኬብሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲያሳልፉት ብዙ ጊዜ መስመሮቹ ይመለሳሉ። እንዲህ ያዳንኩት አንድ ጌም ቦይ አለኝ። ያንን ቀን አልረሳውም፤ ባዶ የነበሩት መስመሮች አንድ በአንድ ሲሞሉ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አጨበጨብኩ።

ጌም ጊርን በአጭሩ ላንሳው። በ1990 የወጣው ይህ የሴጋ ማሽን ስክሪኑ ደብዝዞ፣ ድምፁ ጠፍቶ ከተገኘ ጥፋቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚይዙት ክፍሎች፣ ናቸው። በዋናው ቦርድ፣ በድምፅ ሰሌዳውና በኃይል ሰሌዳው ላይ ያሉት ትናንሽ ካፓሲተሮች ይፈሳሉ። ሲሞቁ እንደ ዓሣ ይሸታሉ። የፈሰሰው ነገር የቦርዱን መስመር ይበላል። አዲስ ስክሪን ብትገጥሙለት ድምፁ አይመለስም፤ መበላቱም አይቆምም። ቀድሞ የሚገዛው የካፓሲተር ኪት ነው። ስክሪኑ ይደርሳል። የመጀመሪያው ኤክስቦክስም የዚህ ዘመድ የሆነ ሕመም አለው፤ ሰዓቱን የሚይዘው ካፓሲተር ፈስሶ ቦርዱን ይበላል። ከመጨረሻው 1.6 ቦርድ በስተቀር ሌሎቹ ላይ ያ ካፓሲተር መነሳት አለበት። ማሽኑ ያለ እሱ ይሠራል፤ ሰዓቱን ብቻ ይረሳል። ሃርድ ዲስክ ስለመቀየር የምታስቡ ሁሉ ይህን አስቀድሙ።

ወደ ቀፎው ልምጣ። አንዳንድ የስክሪን ኪት ከኦሪጅናሉ ስክሪን ስለሚተልቅ የቀፎውን የውስጥ ጠርዝ መቁረጥ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ቆርጫለሁ። ሐምራዊ፣ ከወንድሜ ጋር ያደግንበት ሳይሆን በኋላ የገዛሁት፣ ምንም ጭረት ያልነበረበት ቀፎ ነበር። መቁረጫው አመለጠኝና የመስኮቱ ጠርዝ ተሸረፈ። ፕላስቲክ አይመለስም። ከዚያ ወዲህ ለአዲሱ ስክሪን ተዘጋጅቶ የተሠራ ምትክ ቀፎ እገዛለሁ፤ ኦሪጅናሉን ሙሉ እንደሆነ አስቀምጠዋለሁ። አዲስ ቀፎ እንደ ድሮው አይጠነክርም፣ ቁልፎቹም መጀመሪያ ላይ ጠጠር ይላሉ። ይህን እችለዋለሁ። ከ20 ዓመት በላይ የቆየ ነገር በእኔ እጅ ሲሸረፍ ግን አልችለውም።

ለዚህም ነው ኪት ስመርጥ ራሴን የምጠይቀው፦ ነገ ሐሳቤን ብለውጥ ይህ ማሽን ወደነበረበት ይመለሳል? የድሪምካስቱ ይመለሳል፤ ብሎን ፈትቶ አንድ ሶኬት መንቀል ነው። የጌም ቦይ አድቫንስ ስክሪን ቀፎው ካልተቆረጠ ይመለሳል። ብርሃኑን በቁልፍ ለመቆጣጠር ወደ ቦርዱ የሚበየዱት ጥቂት ሽቦዎችም በቀላሉ ይነሳሉ። ቦርድ የሚቆረጥበት፣ ቺፕ የሚነቀልበት ሥራ ግን ሌላ ነው።

ቺፕ መንቀል ካልኩ ኔስ የሚባለው የድሮው የኔንቲዶ ማሽን ትዝ ይለኛል። ይህ ማሽን አርጂቢ ምልክት (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ለየብቻ የሚላክበት ጥርት ያለ ምልክት) ከውስጡም አያወጣም። ኔስአርጂቢ የተባለውን ኪት ለመግጠም ሥዕል የሚሠራውን ባለ 40 ፒን ቺፕ ከቦርዱ መንቀል አለባችሁ። ውጤቱ ውብ ነው። ግን 40 ቀዳዳ ሳይጎዳ ማጽዳት የልምድ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያ ሥራችሁ ይህ ከሆነ እባካችሁ ተዉት፤ ልምድ ላለው ሰው ስጡት ወይም በተጣሉ ቦርዶች ላይ ተለማመዱ።

በሌላ በኩል ሱፐር ኔንቲዶ አርጂቢ በራሱ ያወጣል። ትንሹ፣ ኋላ የወጣው ሞዴል ብቻ ነው ሥራ የሚፈልገው። ለሌላው ጥሩ ገመድ ይበቃዋል። ችግሩ ያለው ቴሌቪዥኑ ጋ ነው። እነዚህ ማሽኖች 240ፒ የሚባል፣ ባለ 240 መስመር ምልክት ነው የሚልኩት። ብዙ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ይህን 480አይ የሚባለው ሌላ ዓይነት ምልክት ነው ብለው ይወስዱታል፤ ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ቁልፍ ስትጫኑም ዘግይቶ ይመልሳል። ኦኤስኤስሲ ወይም ሬትሮቲንክ የሚባሉት ዕቃዎች በመሃል ገብተው ምልክቱን በትክክል ተረድተው ወደ ኤችዲኤምአይ ይለውጡታል። አንድ ዕቃ ለብዙ ማሽን ያገለግላል፤ አንድም ብሎን አይፈታም። ሦስትና ከዚያ በላይ ኮንሶል ላለው ሰው ከየማሽኑ ውስጥ ኤችዲኤምአይ ከመቅበር ይልቅ ይህንን እመክራለሁ። ኔንቲዶ 64 ብቻ ነው የሚያመነታኝ፤ የራሱ ሥዕል ደብዛዛ ስለሆነ ከውስጥ የሚገጠመው ኤችዲኤምአይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

የኔንቲዶው ጌምኪዩብማ የታደለ ነው። ቀደምቶቹ ዶል 001 ሞዴሎች ከጀርባቸው ዲጂታል ሶኬት አላቸው። ጂሲቪዲዮ በተባለ ለሁሉም ክፍት በሆነ ሥራ ላይ የተመሠረቱ ትናንሽ መሰኪያዎች እዚያ ገብተው ንጹሕ ኤችዲኤምአይ ይሰጣሉ። ዶል 101 ላይ ግን ያ ሶኬት ተነስቷል። ያገለገለ ጌምኪዩብ ስትገዙ ከፊት አትዩት፤ አዙራችሁ ጀርባውን እዩ።

ስለ ባትሪ በጥብቅ የምናገረው አለኝ። በድንጋይ ፋንታ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ የሚደረግ የሊቲየም ኪት ዛሬ በብዛት አለ። ምቹ ነው፣ በተለይ አይፒኤስ ከድሮው ስክሪን ይልቅ ብዙ ኃይል ስለሚበላ። ግን ሊቲየም ከልክ በላይ ሲሞላ ወይም ሁለቱ ጫፎቹ በቀጥታ ሲገናኙ ሊነድ ይችላል። መከላከያ ሰርኪዩት እንዳለው በግልጽ ያልተጻፈ ኪት ቤቴ አይገባም። ሌላ ትንሽ ምልክትም አለችኝ። ኪቱ በሁለት በኩል ዩኤስቢ ሲ በሆነ ገመድ ቻርጅ ካላደረገና በድሮው ሰፊ መሰኪያ ብቻ ከሠራ፣ ሠሪው ሶኬቱ ላይ የሚያስፈልጉትን ሁለት ባለ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ትቷል ማለት ነው። ዋጋቸው ኢምንት ነው። እነሱን የተወ ሰው ሌላ ምን እንደተወ እጠረጥራለሁ። ማሽኑን ለልጅ የምትሰጡ ከሆነ እንደኔ በሚሞሉ ተራ ድንጋዮች ብትቀጥሉ ይሻላል። እነሱ 1.2 ቮልት ስለሆኑ የባትሪው መብራት ቶሎ ይቀላል፤ አትደንግጡ፣ ገና ብዙ ይጫወታል።

ካሴቶችንም አትርሱ። ብዙ የጌም ቦይ ካሴቶች ሴቭ፣ ማለትም በጨዋታው የደረሳችሁበትን፣ የሚይዙት በውስጣቸው ባለች ክብ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትነሳ ሴቩም ይጠፋል። ከመቀየራችሁ በፊት በካርትሪጅ አንባቢ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡት። የወንድሜ የ8 ዓመት ልጅነት ያለበት ካሴት እኔ ጋ ነው። ከመንካቴ በፊት ሦስት ቦታ ነው የገለበጥኩት።

ኮፒ ኪቶችን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ አልገዛም። አንድ ሰው ዓመታት ለፍቶ የሠራውን ሌላው ገልብጦ በርካሽ ይሸጠዋል። አንዳንዱ ይሠራል። ግን አዲስ ፈርምዌር (ኪቱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ሲወጣ ኮፒው አይቀበልም፣ ወይም ከተቀበለ በኋላ አይነሳም። ስትጠይቁ የሚመልስ የለም። እኔ የገጠማ መመሪያውን ከመግዛቴ በፊት እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የቦርድ ዓይነቶችን በስም ዘርዝሮ፣ በፎቶ አሳይቶ፣ የማይሠራበትንም ሳይደብቅ የጻፈ ሠሪ ልቤን ያገኛል።

ወንድሜ ትናንት ማታ ፎቶ ላከልኝ። ቀፎው ሁለት ቦታ ተከፍቶ ነጭ ፎጣ ላይ ተቀምጧል። ብሎኖቹን ወረቀት ላይ በተራ ደርድሯቸዋል፤ ከእያንዳንዱ ስር ቁጥር ጽፏል። የድንጋይ ማስገቢያው ሽቦ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ዝገት አለ፤ በኮምጣጤና በጥጥ ካጸዳው በኋላ በአልኮል እንዲጠርገው ነገርኩት። ከፎቶው ስር የጻፈልኝ አንድ መስመር ነበር።

"ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት እትዬ። 40 ነው።"